ከጠባሳው በታች

በዚያ ከተማ ሻምበል ምላጭ ያልላጨው አገጭ ካለ፣ ወይ ገና አልተወለደም ወይ የሴት ነው። ሻምበልነቱን የሰጠው መንግሥት የለም፤ የጦር ሰፈር ደጃፍ እንኳ ረግጦ አያውቅም። ግን ነጭ ጋዋኑን ለብሶ፣ አንገቱን ቀጥ አድርጎ በአስፋልቱ ዳር ሲያልፍ ያየው ሁሉ ሳያስበው እጁን ወደ ግንባሩ ይሰድድ ነበር። ፀጉር ቤቱ ሁለት ወንበርና አንድ የተሰነጠቀ መስታወት ያላት ጠባብ ክፍል ናት። ትጥበብ እንጂ፣ በዚያች ክፍል ውስጥ ስንቱ ሹም ተሾሞ፣ ስንቱ ተሽሮ፣ አንገቱ ላይ ሽቶ ተረጭቶለት ተሸኝቷል! ምላጩን በሚስልበት ቆዳ ላይ ሸርተት ሸርተት ሲያደርገው የሚሰማው ድምፅ ጥርስ እያበቀለ የሚነጫነጭ ሕፃን ዝም ያሰኛል ይባላል። ያጋነንኩ የመሰለው ሰው ሄዶ ይላጭና ይፍረድ።

ስለ ተክል ግን የሚያውቀው ነገር ቢኖር ቅጠል አረንጓዴ መሆኑን ብቻ ነው። ይኼም አላገደውም፤ የዩኒቨርሲቲው የሆርቲካልቸር ማዕከል ወዳጆች ማኅበር ሊቀመንበር እሱ ነበር። ነገሩ የመጣው በእህቱ ባል በኩል ነው። የታናሽ እህቱ ባል የማዕከሉ የዕፅዋት ስብስብ ኃላፊ ሲሆን፣ ከተማው በሙሉ “መምህሩ” ይለዋል። ዩኒቨርሲቲው ለማዕከሉ ጀርባውን ከሰጠ ቆይቷል። የመስታወት ቤቱ ብረት ዝጓል፣ የተሰበረው መስታወት ቦታ ላይ ላስቲክ ተወጥሯል፣ ማሞቂያው እንደ አስም በሽተኛ ያቃስታል። ያንን ሁሉ ደግፈው ያቆሙት ወዳጆቹ ነበሩ፦ ጡረተኛው ፋርማሲስት፣ ልብስ ሰፊዋ፣ የሰፈሩ ቧንቧ ሠራተኛ። ማሞቂያው የሚነድበትን ነዳጅ የሚያመጡት፣ መስታወት የሚወለውሉት፣ አረም የሚነቅሉት እነሱ ናቸው። ሻምበል ደግሞ ያዛል። ማዘዝም ሥራ ነው፤ ያውም ጉሮሮ የሚያደርቅ።

በመስታወት ቤቱ ውስጥ ከዓለም ጫፍ እስከ ዓለም ጫፍ ያለ ተክል ሁሉ ታጭቆ ነበር ማለት ይቻላል። የሁሉም እመቤት ግን በመካከል፣ በትልቁ በርሜል ውስጥ የቆመችው ነበረች፤ የገደል ሙሽራ። መምህሩ በወጣትነቱ በገመድ ተንጠልጥሎ ከአንድ ገደል ግንባር ላይ ነው ያገኛት። አንዲት ቅርንጫፍ ቆርጦ መጣ። በኋላ ገደሉ ለድንጋይ ተፈለገና በድማሚት ፈራርሶ ጠጠር ሆነ፤ ጠጠሩ መንገድ ሆነ፤ መኪና ሄደበት። እንግዲህ በዚህ ሰፊ ምድር ላይ የቀረችው ያቺው የበርሜሏ ብቻ ናት። በራሷ ሥር ግን በሜዳ አፈር ላይ መኖር አልሆነላትም፣ ይበሰብስባታል። ስለዚህ መምህሩ ምንም የማይገድለውን፣ በየቤቱ አጥር ላይ የሚበቅለውን ዘመዷን ተክል ተከለ፤ ግንዱን ከጉልበት በታች ቆርጦ የሙሽራይቱን ቅርንጫፍ በላዩ ላይ ቀጠለ። ከላይ እሷ፣ ከታች የአጥር ተክል። እሱ ይጠጣል፣ እሷ ታምራለች። የመቀጠያውን ስለት ከሻምበል ፀጉር ቤት ነበር የሚወስደው።

በየጠዋቱ መምህሩ በርሜሉ ሥር ይንበረከክና ከግንዱ ግርጌ ብቅ ብቅ የሚሉትን ለጋ ቡቃያዎች በአውራ ጣቱ እየጠረገ ይጥላቸው ነበር።

“ምን እያደረግክ ነው?” አለው አንድ ቀን ሻምበል።

“እየላጨሁት ነው።”

“እኔ እያለሁ? ያውም ያለ ሳሙና?”

“ያንተን ምላጭ አይፈልግም፤ ጣት ይበቃዋል። ግን አንድም ቀን መዝለል የለም። ጺሙ ከረዘመ ባለቤቱን ይበላል።”

ሻምበል ሳቀ፤ ቀልዱን ፀጉር ቤት ወስዶ አባዝቶ፣ ለመጣ ለሄደው አከፋፈለው። ቁም ነገሩን ግን እዚያው በርሜሉ ሥር ጥሎት ሄደ።

መምህሩ ሞተ። ሳንባው ነው። በሆስፒታል አልጋ ላይ የመጨረሻውን ጺም የላጨው ሻምበል ነበር። በዚያው ሰሞን የገደል ሙሽራ ቅጠሏን በሙሉ አራገፈች። ግራጫ በትር ሆና ቀረች። እህቱ ጥቁር ለብሳ በየጠዋቱ ትመጣለች፣ በርሜሉ ጠርዝ ላይ ትቀመጣለች። ልጅ አልወለዱም። ቤት ውስጥ የቀራት የጭቃ ቦት ጫማውና መነጽሩ ነበር።

አንድ ጠዋት ጩኸቷ ከመስታወት ቤቱ አልፎ ግቢውን አናወጠው። ወዳጆቹ ሮጠው ሲገቡ በጉልበቷ ተንበርክካ ታለቅሳለች፣ ትስቃለችም። ከግንዱ አንድ ለጋ አረንጓዴ ቡቃያ ወጥቷል።

“አልሞተም! አላልኳችሁም? አልሞተም!” አለች። ዛፏን “እሷ” ስትል የኖረች ሴት፣ ያን ቀን “እሱ” አለች፤ ማንም ልብ አላለውም።

ፋርማሲስቱ አለቀሰ። ቧንቧ ሠራተኛው ባርኔጣውን አወለቀ። ሻምበል ደግሞ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ወጥቶ፣ ጳጳስም ጄኔራልም በማይችሉት ድምፅ ተናገረ፦

“ስሙኝ! ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ዛፍ ላይ ብረት ያነሳ፣ ጣትም ቢሆን ያሳረፈ፣ ዋጋውን ከኔ ያገኛል! ማሉ!”

ማሉ። መምህሩ በሕይወት ቢኖር ቡቃያውን በአንድ የጣት ጥርጊያ ይጥለው ነበር። እነሱ ማሉለት።

ቡቃያው አደገ ማለት አይበቃም፤ ፈነዳ። እህቱ ውኃውን በእጇ ታጠጣዋለች፣ ቅጠሉን በእርጥብ ጨርቅ ትጠርጋለች፣ የቀን ውሎዋን ትነግረዋለች። ወሩ ሳይሞላ ወገቧን፣ ክረምቱ ሲወጣ ራሷን አለፈ። ያንን በመሰለ ሙቀትና ምቾት ያደገ ቅጠል ሰፍቶና ለስልሶ፣ የሙሽራይቱን ከመምሰል አልፎ ያስንቃት ነበር። ግራጫዋ በትር ከጎኑ ቆማ፣ ሰው ረሳት።

በዚያው ዓመት ዩኒቨርሲቲው ለስብስቡ አዲስ ኃላፊ መደበ፤ ወጣት ሴት ናት፣ ዶክተር። በመጣች ሰሞን ሻምበልን ለብቻው ጠራችው።

“ሻምበል፣ እስቲ ጎንበስ ይበሉ።”

“ዶክተሬ፣ እኔ ጎንበስ ስል አይተሽ ታውቂያለሽ? ሰው ነው አንገቱን የሚያዘነብልልኝ።”

“ለዛሬ ብቻ።”

ጎንበስ አለ። ከበርሜሉ አፈር ትንሽ ከፍ ብሎ ግንዱን የዞረ፣ እንደ ዳነ ቁስል ያበጠ ቀለበት አሳየችው።

“ይኼ መምህሩ የቀጠሉበት ጠባሳ ነው። ከላይ ያለው የገደል ሙሽራ ነው። ከታች ያለው የአጥር ተክል። አረንጓዴው ከየት ነው የወጣው? በጣትዎ ይከተሉት።”

ሻምበል ጣቱን ለምለሙ ላይ አሳርፎ ወደ ታች ወረደ። ጣቱ ጠባሳው ጋ ሲደርስ አልቆመም፤ አልፎት ወረደ፤ ከአፈሩ ጠርዝ ላይ ቆመ። “ጺሙ ከረዘመ ባለቤቱን ይበላል።” ያኔ በርሜሉ ሥር የጣለው ቃል፣ እዚያው ቦታ ሲጠብቀው ኖሯል።

“እና እሷስ?” አለ በቀጭን ድምፅ፤ የራሱ አልመሰለውም።

ዶክተሯ ግራጫውን በትር በጥፍሯ ፋቀች። ቡናማ። ከፍ ብላ ፋቀች፤ ቡናማ። ጫፉ አካባቢ በጎን የወጣች አጭር ጭራሮ ላይ ስትፋቅ፣ ከልጡ ሥር እንደ ክር የቀጠነ አረንጓዴ ታየ።

“ይቺ ናት። በዓለም ላይ ያለችው ይቺ ብቻ ናት።”

“ቆርጠሽ ሌላ ላይ አትቀጥያትም?”

“ለመቀጠል ያበጠ የቅጠል እንቡጥ ያስፈልጋል፤ ይቺ በረሃብ አልቃለች። ሥሩ የሚስበውን ሁሉ ይኼ ጎረምሳ እየጠጣባት ነው። አሁን ብንቆርጠው ውኃው ወደሷ ይሄዳል፣ ትወፍራለች፣ ከዚያ ደርዘን ቦታ እቀጥላታለሁ። ካልቆረጥነው ትደርቃለች፤ አለቀ።”

“ቁረጪው ታዲያ!”

“ያስማሉት እርስዎ አይደሉም? አስተዳደሩ ‘ወዳጆቹ ከተቀየሙ ማሞቂያው ጠፋ ማለት ነው’ ብሎኛል። እሱስ ይሁን። እትዬ ግን በየጠዋቱ መጥተው ያቅፉታል። ሳይነገራቸው መጋዝ አላነሳም። እርስዎ ይንገሯቸው። ዛሬ።”

“ተይው ለኔ! እኔ ስንት ሚኒስትር...” ብሎ ጀመረና ዓረፍተ ነገሩን መጨረስ አቃተው።

ከሰዓት በኋላ እህቱ ቤት ሄደ። የመምህሩ ቦት ጫማ እንደ ጥንቱ በሩ ሥር ቆሟል፤ ጭቃው እንኳ አልታጠበም። መንገዱን በሙሉ የሚለውን ሲያዘጋጅ ነው የመጣው፤ ድንጋይ የሚያስለቅስ ንግግር ነበር። ደፍ ሳይረግጥ እህቱ ክንዱን ያዘችው።

“ጋሼ፣ ገምት!”

“ምን?”

“ገምት እንጂ!”

“እኔን ማን ገማች አደረገኝ?”

“እንቡጥ አውጥቷል! ሊያብብ ነው! እሱ እኮ ስታብብ ያያት አንድ ቀን፣ እዚያ ገደል ላይ ተንጠልጥሎ ነው። ‘ነጭ ናት፣ ሽታዋ እንደ ዝናብ ነው’ ይለኝ ነበር። እዚህ አብባለት አታውቅም። ለኔ ነው ያቆየው። አይገርምህም?”

ሻይ ቀዳችለት። ፊቷ ላይ ከቀብሩ ወዲህ ያላየው ነገር ነበር። አፉን ከፈተ። ከተማውን በወሬ ቀጥ አድርጎ የያዘ አፍ፣ ፓርላማ ቢገባ ምክር ቤቱን የሚበትን አፍ ተከፍቶ፣ ሻይ ጠጥቶ ተዘጋ።

“እንኳን ደስ አለሽ፣ እታለም” አለ።

በማግሥቱ ዶክተሯ በር ላይ ጠበቀችው።

“ነገሯቸው?”

“ነገርኳት።” ውሸቱ እንደ ሁልጊዜው ሳይደናቀፍ ወጣ፤ አፉ ለምዶታል። “አለቀሰች። ከዚያ ‘አውቄያለሁ፤ ግን አንዴ ሲያብብ ልየውና ራሴ እቆርጠዋለሁ’ አለች።”

“አውቀው ነው እንዲያ የሚያቅፉት?”

“ሐዘን አታውቂም፣ ዶክተሬ።”

ዶክተሯ ከንፈሯን ነከሰች። “አበባ ከሁሉ የበለጠ ይጠጣል።”

“እስኪከፈት ብቻ። ስለ እናትሽ።”

“ምላጭ ይዘው የኖሩ ሰው፣ መቁረጥ ፈሩ?” አለችው፤ ቀልድ ለማድረግ ሞክራ ነበር። ከዚያ ወዲያ ጭራሮዋን ለማየት አልፋቀቻትም፤ እያንዳንዱ ፍቀት ቁስል ነውና ሳስታ፣ ከሩቅ እያየች ጠበቀች።

ሻምበል በእነዚያ ቀናት ሁለት ደንበኛ አቆሰለ። በየጠዋቱ “ዛሬ እነግራታለሁ” ብሎ ይወጣል። በየጠዋቱ እህቱ እንቡጡን ታሳየዋለች፣ ትንሽ ወፍሯል፣ ጫፉ ተፈልቅቋል፣ እየው ጋሼ፣ እየው። ምን ይበል? አበባው ነጭ ሊሆን እንደሚችልም ራሱን ለማሳመን ሞክሯል። ዶክተር ተሳስታ ቢሆንስ? ልጅ እግር ናት። ሌሊት ሲሆን ግን ጣቱ ከጠባሳው አልፎ ወደ ታች ሲወርድ ይሰማዋል።

አበባው የተከፈተ ዕለት እህቱ ጥቁር ሻሿን አውልቃ መጣች። ወዳጆቹ ተሰልፈዋል፤ ልብስ ሰፊዋ የጠረጴዛ ልብስ አንጥፋለች፣ ቧንቧ ሠራተኛው ጺሙን ተላጭቶ ነው የመጣው። የመስታወቱ ጣሪያ ላይ የታቆረው ላብ ጠብ ጠብ ይላል። እህቱ ሰውን አልፋ ገባች፣ ቀና አለች።

አበባው ቢጫ ነበር። ትንሽ፣ እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ክብ፣ ሽታ የሌለው ቢጫ።

ረጅም ጊዜ አየችው።

“ነጭ ነው ያለኝ” አለች።

“ሲቆይ ይነጣ ይሆናል” አለ ፋርማሲስቱ፣ ደግ ሰው ነው።

“ይኼን አውቀዋለሁ።” ድምፅዋ ውስጥ ምንም አልነበረም። “ቤቴ አጥር ላይ አለ። ጥጉ ላይ፣ ያልተከረከመው ቦታ።”

ዶክተሯ ቀስ ብላ ቀረበች። “እትዬ፣ ያው ሻምበል እንደነገሩዎት...”

“ምን ነገረኝ?”

ዶክተሯ ወደ ሻምበል ዞረች። ልብስ ሰፊዋ ዞረች። ሁሉም ዞሩ። ሻምበል በሕይወቱ ሙሉ ሰው ሁሉ እሱን እንዲያይ ሲደክም ኖሯል፤ ያን ቀን ተሳካለት። አንገቱ ቀጥ ማለት አቃተው።

“ከጠባሳው በታች ነው የወጣው፣ እታለም። እሱ አይደለም። የአጥሩ ተክል ነው። እሷ... ከላይ ያለችው በትር ናት።”

“መቼ አወቅህ?”

ሊዋሽ ፈልጎ ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ውሸቱ አልመጣለትም።

“እንቡጡን ሳሳይህ ታውቅ ነበር?”

“አውቅ ነበር።”

“ሻዬን ስትጠጣ?”

“አዎ።”

እጇን ወደ ዶክተሯ ዘረጋች። “መጋዝ።”

ራሷ ቆረጠችው። ማንም ሊያግዛት አልደፈረም። በየጠዋቱ ያቀፈችውን፣ ውሎዋን የነገረችውን ግንድ በአንድ እጇ ደግፋ በሌላው ገዘገዘችው፤ ቢጫ ዱቄት ጫማዋ ላይ ፈሰሰ። ሲወድቅ አንድ ማሰሮ ሰበረ፣ አበባው ከውኃ ቱቦው ሥር ገባ። ከዚያ ወደ ግራጫዋ በትር ተጠጋች። “እሺ፣ አሳዩኝ” አለች። “የሱን አሳዩኝ።”

ዶክተሯ ጭራሮዋን በጥፍሯ ፋቀች። ቡናማ። ዝቅ ብላ ፋቀች። ቡናማ። በሌላው ጎን ሞከረች። ጭራሮዋ በእጇ ላይ ቀጭ ብላ ተሰበረች፤ ድምፅዋ ትንሽ ነበር። ጉድ ነው፣ አንድ ዘር ከምድር ሲጠፋ የሚያሰማው ድምፅ ይኼን ያህል ብቻ ነው።

“ሰሞኑን ነው” አለች ዶክተሯ፣ ለማንም ሳይሆን። “ከሰሞኑ ነው የደረቀችው።”

ቀሪውን በትር በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለሉት፣ ላስቲክ አለበሱት፣ ማሞቂያውን አጋሉት። ሰነበቱ። ከንቱ ነበር። እህቱ የመስታወት ቤቱን ቁልፍ በልብስ ሰፊዋ እጅ መልሳ ላከች።

ሻምበል በሯን ቢያንኳኳ አልተከፈተም። ከብዙ ጊዜ በኋላ በጎረቤት በኩል አንድ መልእክት ደረሰው፦ “አጥሩን ይንቀልልኝ።” ሄደ። አካፋና ዶማ ይዞ፣ ከምላጭ የከበደ ነገር አንስቶ የማያውቅ እጅ፣ ቀኑን ሙሉ ቆፈረ። ያ ተክል ሥሩ እስከ ምድር ሆድ ድረስ ነው የሚሄደው፤ እጁ ተልጦ ደም አቀረረ። እህቱ በመስኮት ታየዋለች። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ወጥታ አንድ ብርጭቆ ውኃ ሰጠችው። በሩ ሥር ቦት ጫማው አልነበረም።

“ያን ቀን ብትነግረኝ ኖሮ፣ አልሰማህም ነበር” አለችው።

ቀና አለ። ትንሽ ብርሃን ያየ መሰለው።

“ግን አልነገርከኝም” አለችና ብርጭቆውን ተቀብላው ገባች።

በርሜሉ አሁንም በመስታወት ቤቱ መካከል አለ፤ የሞተው በትር ቆሞበታል። የተቆረጠው የአጥር ተክል ግን መች ይሞታል! በየጠዋቱ ከግርጌው ለጋ ለጋው ያቆጠቁጣል። በየጠዋቱም፣ ፀጉር ቤቱን ከመክፈቱ በፊት፣ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ይንበረከክና ቡቃያዎቹን በአውራ ጣቱ አንድ በአንድ እየጠረገ ይጥላቸዋል።

“ሻምበል፣ አያስፈልግም እኮ” አለችው ዶክተሯ አንድ ቀን። “ከላይ የሚጠበቅ ነገር የለም።”

“አውቃለሁ” አለ፣ ቀና ሳይል።

“ታዲያ?”

“አንድም ቀን መዝለል የለም ብሎኛል።”